«እስክንሄድ ድረስ»



እኛ ማለት መምህሩና ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ነን። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ዲቪ እንደደረሰን ስናውቅ ጉለሌ ያለችው የኪራይ ቤታችን በእንኳን ደስ አላችሁ ተሞላች። ከዚያች ቀን ወዲህ እግራችን ጉለሌ፣ ልባችን ባሕር ማዶ ሆነ። ወደ ሽሮ ሜዳ በወጣን ቁጥር በአሜሪካ ኤምባሲ በር ስናልፍ «ተራችን መቼ ይሆን?» እንባባል ነበር።

ኅዳር 2012 ላይ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት ከደመወዝ ጭማሪ ጋር የዩኒት ሊደርነት ሥራ አቀረበልን። ፎርም የሚሞላ ሰው ብናማክር፣ «ሥራ ከቀየራችሁ ከሞላችሁት ጋር ይጋጫል፤ ጉዳያችሁ ይበላሻል» አለን። ፈራንና እምቢ አልን። የስፌት መኪናዋንም «ለመንገድ ይሆናል» ብለን ሸጥናት። ማንኛውም ነገር ሲነሳ መልሳችን «እስክንሄድ ድረስ ይቆይ» ሆነ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 11 የአሜሪካ ኤምባሲዎች በመላው ዓለም መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቆሙ። ሚያዝያ 14 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዲቪ ዕድለኞችንም የሚያግድ ዐዋጅ ፈረሙ። የዲቪ ዕድል ወደሚቀጥለው ዓመት አይሸጋገርም። የአሜሪካ የበጀት ዓመት መስከረም 20 ቀን 2013 ሲዘጋ፣ ለቃለ መጠይቅ ሳንጠራ የእኛም ዕድል አብሮ ተዘጋ።

ይህ የአላህ ቀደር ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ ብለን ተቀበልን። የቆጨን በገዛ እጃችን የመለስነው ሥራ ነው። ኋላ ቁጭ ብለን መመሪያውን ስናነበው ዲቪ የቀጣሪ ዋስትና አይጠይቅም። የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል ማጠናቀቅን፣ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚሻ ሙያ የ2 ዓመት ልምድን ነው። ሥራ የቀየረ ሰው ለውጡን አሳውቆ፣ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል እንጂ በዚህ ብቻ ዕድሉን አያጣም። አሜሪካ ሆነው ያለ ቀጣሪ በራሳቸው ስም ለግሪን ካርድ የሚያመለክቱ ባለሙያዎችም ቢሆኑ፣ በዚያው ሙያ እስከቀጠሉ ድረስ መሥሪያ ቤት መቀየራቸው ብቻውን ማመልከቻቸውን አያፈርስም። የሚጎዳው መደበቅና መዋሸት ነው።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን «ተወኩል እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም» ይሉን ነበር። ይህንኑ ለተማሪዎቻችን ስንነግር ኖረን፣ በራሳችን ሲደርስ ረሳነው።

እናም ወንድሞችና እኅቶች፣ የምትጠብቁት ጉዳይ ካላችሁ በሰብር ጠብቁ። የሰማችሁትን ወሬ ግን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ፤ ዛሬ ደጃችሁ የመጣውን ሐላል ሪዝቅ ነገ ይመጣል ለተባለው ብላችሁ አትመልሱ። እኛ የስፌት መኪና መልሰን የገዛነው ከሸጥንበት አብልጠን ከፍለን ነው። ዛሬ ማታ ማታ ድምፅዋ ቤታችንን ሲሞላ፣ «እስክንሄድ ድረስ» የሚለው ቃል ከአፋችን ወጥቷል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።