ስለቴን ላደርስ እንጦጦ ወጣሁ

ታዲያላችሁ፣ ባለፈው ወር በ21፣ በማርያም ዕለት፣ የቆየ ስለቴን ላደርስ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ከሽሮ ሜዳ በእግሬ፣ አሥር ጊዜ እያረፍኩ። ሳንባችሁ የደከመ ካላችሁ ቀስ በሉ፤ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን ደጅ ተሳልሜ ከተማዋን ቁልቁል ሳይ ዓይኔ ቦሌን ፈለገ፤ ሚሌኒየም አዳራሽን።

በ2000 ዓ.ም. አዳራሹ ሲከፈት ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጨፈርኩበት ነው። ቢዮንሴም በዚያው ዓመት ዘፍናበታለች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ማከሚያ ሲሆን ኦክስጅን ተደርጎልኝ ተኛሁበት። ያው ጣሪያ፣ እናንተዬ! በማድሪድስ የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ የሬሳ ማቆያ ሆኖ የለ?

አጠገቤ የተኙ አዛውንት ማታ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ጨፍረሃል?» አሉኝ።

«እንዴታ፣ አባባ!»

«እኔ ለባዛር ገብቼ ምጣድ ገዝቻለሁ» አሉ። ሳቅን፤ ሳቁ ሳል ሆነብን። ጠዋት አልጋቸው ባዶ ነበር። የተሳልኩት ያን ጠዋት ነው።

ዛሬ አዳራሹ ወደ ባዛሩና ወደ ኮንሰርቱ ተመልሷል። እኔ ገና አልገባሁም። ስማቸውን ስላልጠየቅሁ «ለእኚያ አባት» ብዬ ጧፍ አብርቼ ወረድኩ። እናንተ ግን አጠገባችሁ ያለውን ሰው ስሙን ጠይቁት።