የዝናብ ጎተራ

መርከባችን ኮረብታ መውጣት የጀመረችው በማለዳ ነው። ከካሪቢያን ባሕር ተነሥታ፣ ጋቱን በተባለው ስፍራ ሦስት የውሃ ደረጃዎችን ወጥታ፣ ከባሕር ጠለል 26 ሜትር ከፍ ብሎ በተኛው ሐይቅ ላይ ቆመች። ሁሉን በዝምታ ስትመለከት የቆየችው እናቴ፣ «ይህን ሁሉ ብረት ማን ነው ያነሣው?» አለችኝ።

«ውሃው ነው፣ እማዬ።»

«ውሃውንስ ማን አመጣው?»

መልሱን ያገኘነው ጫካ ከገባን በኋላ ነው።

ከመርከቧ በትንሽ ጀልባ ወረድን። የጋቱን ሐይቅ የሰው እጅ ሥራ ነው። የቻግሬስ ወንዝ ተገድቦ ሸለቆው ሲሞላ ደኑ ሰጠመ፤ የኮረብታ ጫፎች ደሴት ሆነው ቀሩ። የፓናማ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲከፈት ይህ ውሃ መንገድ ሆነ። ቦዩን ለመቆፈር ከባርቤዶስ፣ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ብዙ ሺህ ጥቁር ሠራተኞች በበሽታና በአደጋ አልቀዋል። ያኔ የሰጠሙት ዛፎች ጉቶ ዛሬም እዚህም እዚያም ከውሃው ብቅ ብሎ ይታያል። ከደሴቶቹ አንዷ ባሮ ኮሎራዶ ከ1923 ጀምሮ ተከልላ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች መማሪያ ሆናለች።

ጫካው ውስጥ አስጎብኚያችን ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ስሎዝ የሚባለው እንስሳ ቅርንጫፍ አቅፎ ተንጠልጥሏል። ፀጉሩ ላይ አልጌ ስለሚበቅል አረንጓዴ ይመስላል፤ ለመጸዳዳት ከዛፍ የሚወርደውም በሳምንት አንዴ ገደማ ነው። ከሩቅ የጯሂ ጦጣዎች ድምፅ አስገመገመ። ሊሙ ቡና ጥላ ሥር ያደገችው እናቴ ቆም ብላ፣ «ጎሕ ሲቀድ ጉሬዛ እንዲህ ነበር የሚጮኸው» አለች። እግራችን ሥር ደግሞ ቅጠል የተሸከሙ ጉንዳኖች በሰልፍ ያልፋሉ። ቅጠሉን አይበሉትም፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ፈንገስ ያለሙበታል፤ ቀለባቸው እሱ ነው። «ገበሬዎች ናቸዋ!» አለች እናቴ፣ እንዳትረግጣቸው እየተጠነቀቀች።

አስጎብኚያችን ይህን ሁሉ ካሳየችን በኋላ አንድ ዛፍ ሥር አቁማ ስለ ዝናብ ነገረችን። ዶፉን በመጀመሪያ ቅጠሉ ይቀበለዋል። ቀጥሎ የረገፈው ቅጠልና ሥሩ ወደ አፈር ያሰርጉታል። አፈሩም ያስቀመጠውን በበጋ ጥቂት በጥቂት ለወንዙ ይሰጣል። መርከብ የሚያነሣ ፓምፕ የለም፤ ውሃው በገዛ ክብደቱ ከሐይቁ ቁልቁል ይፈስሳል፤ አንድ መርከብ ቦዩን ባለፈ ቁጥር ወደ 200 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ ባሕር ይገባል። ከፓናማ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም የሚጠጣው ከዚሁ ተፋሰስ ነው።

እኔ እየተረጎምኩላት ያዳመጠችው እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «ታዲያ ይሄ ጎተራ ነው፤ የዝናብ ጎተራ።»

ጎተራም ክረምቱ ከከዳው ይጎድላል። በ2023 ዝናብ ሲጠፋ በቀን 36 ገደማ መርከብ ያሳልፍ የነበረው ቦይ ወደ 24 ዝቅ ለማለት ተገድዷል። መሙላት የሰማይ ሥራ ነው፤ እንዳያፈስ መጠበቅ ግን የሰው ነው።

በጉብኝቱ መጨረሻ ከፓናማ ደጋ ከቦኬቴ የመጣ ቡና ቀረበልን፤ ስሙ ጌሻ። የዚህ ቡና ዘር በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አካባቢ ጫካ ተለቅሞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። አሥርተ ዓመታት ማንም ሳያስተውለው ኖሮ፣ በ2004 የአገሪቱን የቡና ውድድር ካሸነፈ ወዲህ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። እናቴ ሲኒውን ይዛ ሳትጠጣ ብዙ አሸተተችው።

ያን ዘር የለቀመው ሰው ምን እንደያዘ አላወቀም፤ ጫካው ግን አኑሮለት ነበር። ደን ማየት ያስደስታል፤ ወፉን ቆጥረን፣ ፎቶ አንሥተን እንመለሳለን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደንን እንደ ትርዒት ልቆጥረው አልቻልኩም። ለማያውቁት ሰዎች፣ ገና ላልተወለዱም ጭምር፣ ስንቅ የሚያኖር ባለአደራ ነው። ሲጨፈጨፍ የምናጣው የምናውቀውን ብቻ አይደለም፤ ስሙን ገና ያልሰማነውን ቡና ጭምር እንጂ።

ስንመለስ በቦዩ በር አጠገብ አንድ መርከብ ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየን። የጫካው ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ። ወሩ ኅዳር ነበርና ድንገት ዶፍ ወረደ፤ መንገደኛው ሁሉ ወደሚጠብቀን አውቶቡስ ሮጠ። እናቴን በክንዷ ይዤ ላስጠልላት ስል ቆመች። ደኑ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያየች፣ «ተወው ልጄ፣ ይዝነብ» አለች። «ነገ ለሚያልፈው መርከብ ነው።»