የዴቪስ ዳም አቀበትና የተሳቢ ሸክም ልክ

በአሜሪካ አገር በአሪዞና ግዛት፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ዳር ከቡልሄድ ሲቲ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ዩኒየን ፓስ የሚወጣ አንድ አቀበት አለ፤ በአቅራቢያው ባለው ግድብ ስም ዴቪስ ዳም ይባላል። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውም ደረቅ ተራራ ነው።

ይህ አቀበት የመኪና መፈተኛ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓመት በወጣው ደንብ መሠረት፣ የአየሩ ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሳያንስ፣ የኋላ እግሩ ነጠላ ጎማ የሆነ መኪና ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ተሳቢውን እየጐተተ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መውጣት አለበት።

ዳሩ ግን ሞተሩ ቻለ ማለት ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በመኪናው ያለው ሰውና ሻንጣ ሁሉ ከጠቅላላው ክብደት ይቈጠራል። ደግሞም ከተሳቢው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በመኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ ይገባዋል፤ ካነሰ ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከበዛ የመኪናው ፊት ቀልሎ መሪው አልታዘዝ ይላል።

እኛም በላስ ቬጋስ ከሚኖር ወዳጃችንና ከልጆቹ ጋር በዚሁ መንገድ ለመሄድ በተነሣን ጊዜ፣ እርሱ አስቀድሞ መኪናውን ከነተሳቢው ቢያስመዝን ሸክሙ ከልኩ አልፎ ተገኘ። ልጆቹ እያለቀሱ ብስክሌቶቻቸውን አስወረደ። በመልሱ ግን ያን ረጅም ቍልቍለት በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ ሳይግል፣ በዝግታ ስንወርድ ልጆቹም የአባታቸውን አሳብ ተረዱት።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ፣ ከመንገድ በፊት ሚዛንን ይጠይቅ።