ውርጩን የምትችል ዶሮ

አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ቄቦች ይዤ ሞላሌ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዶሮ ስርጭት ደጋግሜ ዜና ጽፌያለሁና በራሴ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እማዬ፣ እነዚህ በዓመት ሁለት መቶ እንቁላል ይጥላሉ» አልኳት።

አንዷን አነሳች፣ ላባዋን ገለጥ አድርጋ አየችና «ቁሩንስ ይችሉታል ልጄ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ታኅሣሥ ሲገባ አምስት ቀሩ። ሦስቱ በአንድ የውርጭ ሌሊት ጥግ ላይ ተደራርበው ሞቱ፤ አራቱን ፈንግል ጨረሳቸው። የእናቴ አሮጊት ገብስማ ግን ጫጩቶቿን አስከትላ ግቢውን ትጭር ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እዚህ የተታለልኩት ግን እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የዝርያው ብቻ አይደለም። ሞላሌ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዶሮ በብርድ ጊዜ ከምትበላው ብዙውን ሰውነቷን ለማሞቅ ታውለዋለች፤ እንቁላል የሚሆነው የተረፈው ነው። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ከሆነ ሙቀት ያባክናል፣ በውርጭም ይጎዳል። አንገተ መላጣዋ ለቆላ ሙቀት የተመቸች ናት፤ መንዝ ላይ ግን ራቁቷን እንደማደር ነው። እኔ የጠየቅሁት ስንት እንደምትጥል ብቻ ነበር።

የሐበሻ ዶሮ ትብቃን እያልኩ አይደለም። በተለመደው አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ ይህ ልጅ አያሳድግም። ግን ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭራ ትበላለች። ብዙ እንቁላል የሚጥሉት የፈረንጅ ዝርያዎች ደግሞ አይታቀፉም፤ ተተኪ ጫጩትም፣ መኖም፣ ክትባትም ከከተማ ይጠብቃሉ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እነሱም አብረው ይዘጋሉ። በዚህ ዘመን መንገድ ምን ያህል እንደሚታመን ለእናንተ አልነግርም።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። የመንዝ ሰው ይህን በበግ አይቶታል። ለዓመታት የአዋሲና የኮሪዴል ደም ወደ አካባቢው ገብቷል። እ.ኤ.አ በ2009 የተጀመረው ሥራ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ ገበሬው ራሱ ከገዛ መንጋው ምርጥ አውራ በግ እየለየ በጋራ ማስጠቃት ጀመረ። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ከሆሮ የመጡ የሀገር ዶሮዎችን ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ምርታቸውን አሻሽሏል። ታዲያ የመንዝን ገብስማ ማን ነው የሚመርጣት?

እስከዚያው ዶሮ ለሚገዛ የደጋ ሰው የተማርኩትን ላካፍል። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ ትንሽ፣ ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሰውነቷ መካከለኛ የሆነችውን ምረጡ። ውርጩ ሲያልፍ ግዙ። የፈንግል ክትባቷን አረጋግጡ። ቆጡን ከነፋስ ከልሉ፣ ወለሉን በደረቅ ጭድ ሙሉት፤ አየር ማስወጫውን ግን አትድፈኑ፣ እርጥበት ከብርድ ይብሳል።

ለባለሥልጣናትና ለእኛ ለጋዜጠኞች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። በዜናዎቼ ሁሉ «ይህን ያህል ዶሮ ተሰራጨ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ያ ቁጥር ሪፖርት ላይ እስካልገባ ድረስ ስርጭቱን ስኬት ብለን አንጥራው።

በቅርቡ ስደውል ከአምስቱ ሁለቱ መጣል መጀመራቸውን እናቴ ነገረችኝ። «ሌሊት ግን ከገብስማዋ ሥር ነው የሚወሸቁት» አለችኝ።