የቻንጊ የክብሪት ቀፎ

ሲንጋፖር፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ አባርቶ ወበቁ ብሷል። ከድሮው የቻንጊ ወህኒ ቤት የተረፈው ዋናው በርና የግንቡ ቁራጭ ነው። አዲሱ ወህኒ ቤት እዚያው አጠገቡ ዛሬም እስረኛ ይዟል። ታሪኩን የሚናገረው ሙዚየም ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

ከተማዋ ለጃፓን እጇን የሰጠችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 ነበር። ምርኮኞቹ ወታደሮች በአካባቢው የጦር ሰፈሮች ሲታጎሩ፣ ለ600 ሰው በታነጸው ወህኒ ቤት ደግሞ 3,000 ያህል ሲቪሎች ተጨናንቀው ገቡ። ሙዚየሙ ይህን ጭንቅንቅ ለማሳየት አንድ የእስር ክፍል አስመስሎ ሠርቷል፤ የእስረኞች ወሬም በድምፅ ይሰማል። ገባሁ። አየር ማቀዝቀዣው ይነፍሳል፣ ከኔ በቀር ሰው የለም፣ እውነቱን ለመናገር ክፍሉ አልጠበበኝም። እኔ ብሆን ጎብኚውን አራት አራት አድርጌ አስገብቼ ማቀዝቀዣውን አጠፋው ነበር።

የክብሪት ቀፎው ግን ያዘኝ። ውስጡ የሞርስ መልእክት መላኪያ ተደብቆበታል። መዳፍ ላይ ጠፍቶ የሚቀር ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ኦክቶበር 10 ቀን 1943 የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ ሬዲዮና ሰላይ ፍለጋ ወህኒ ቤቱን ወረረ። 57 ሲቪሎች ተወሰዱ፤ 15ቱ በደረሰባቸው ስቃይ ሞቱ። ይህን ታሪክ ከቀፎው ጎን ቢያስቀምጡት ኖሮ ማን ያልፈው ነበር?

ባለ 400 ገጽ ማስታወሻም አለ፤ አንድ እስረኛ አፍሪካ ላለች ሚስቱ እንደ ደብዳቤ የጻፈው። መስታወት ውስጥ ስለሆነ ገልጦ ማንበብ የለም።

ታሪክን በዕቃ ስለመናገር ካነሳን፣ እዚያው ወህኒ ቤት በ1942 የታሰሩት ሴቶች የሠሯቸውን የአልጋ ልብሶች የሚያክል አላውቅም። ወንዶቹ ለብቻ ስለታሰሩ ባል ሚስቱ በሕይወት መኖሯን እንኳ አያውቅም። እያንዳንዷ ሴት አንድ ቁራጭ ጨርቅ ተሰጣት፤ የልቧን ጠለፈችበት፣ ስሟንም ፈረመችበት። ቁራጮቹ ተጋጥመው ሦስት የአልጋ ልብስ ሆኑ። ወንዶቹ ወዳሉበት ሆስፒታል ለቁስለኞች ነው ተብሎ ተላከ፤ ጠባቂው እንዳይከለክል አንዱን ለጃፓን ቁስለኞች አደረጉት። ዋናዎቹ ዛሬ አውስትራሊያና እንግሊዝ ውስጥ ነው ያሉት። ብልሃቱ የነሱው የእስረኞቹ ነው፤ መግለጫ ጽሑፍ እንኳ አላስፈለገውም፤ ባል የሚስቱን ስም አንብቦ ሁሉን ተረዳ።