በሶ፣ ከሜክሲኮ እስከ ሜክሲኮ

ነገሩ የተጀመረው በ280 ብር ነው። ሜክሲኮ፣ ከባቡሩ ድልድይ ወረድ ብሎ ካለ አንድ ሚኒ ማርኬት ገብቼ ለመንገድ የሚሆን ነገር ሳማርጥ፣ ከጣት ብዙም የማይረዝም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታሸገ ነገር እጄ ገባ። አገላብጬ ከምን እንደተሠራ አነበብኩ፤ የተቆላ ገብስ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ጨው። ቀና ስል ባለሱቁ ልጅ ዐይን ዐይኔን ያየኛል።

«ፋዘር፣ እሱ የስፖርተኛ ነው» አለኝ።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሆዴን አይቶ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከዚያው መደርደሪያ ታች፣ ከሳሙናው አጠገብ፣ በላስቲክ የታሰረ ግማሽ ኪሎ በሶ ተቀምጧል። ያውም የተቆላ ገብስ ነው። ማሩና ቅቤው ቤቴ አለ፤ ጨውም አላጣም። ሁለቱንም ገዝቼ ወጣሁ፤ አንዱን ለሆዴ፣ አንዱን ለእልሄ።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ለዕረፍት ወደ አርባ ምንጭ እንነሳለን። «ስንቁ ያንተ ነው» ተብያለሁ። ይህ ሹመት የተሰጠኝ በችሎታዬ ሳይሆን በቂሜ ነው።

ቂሙ የቆየ ነው። ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ስመለስ ሾፌሩ ስሙን በማልጠራው ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ምግብ ቤት በር ላይ ለምሳ አቆመ። በአገር አቋራጭ የተመላለሰ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ሾፌሩና ረዳቱ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባሉ፣ ጥብሱ እየተንጫጫ ወደዚያ ያልፋል፣ ሒሳብ ግን ወደዚያ አያልፍም። ከመጋረጃው ወዲህ ያለነው የነሱንም እንከፍላለን። እሱንስ ይሁን። የኔ ጠብ ከቀረበልኝ ቀይ ወጥ ጋር ነው። ከሰዓት በኋላ ዓባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር ወጡ ድምፁን አሰማ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ ስንት መታጠፊያ እንዳለው እኔን ጠይቁኝ። ረዳቱን «ወንድሜ፣ አንዴ አቁሙልኝ» ብለው፣ «እዚህ ማቆሚያ የለም፣ ቻለው» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነገሩ ሲገባቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ጭብጥ በሶ እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ቃመው ልጄ፣ ይይዝልሃል።»

ያዘልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ በሶ ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። መጋረጃውንም ይቅር አላልኩም።

ወደ 280 ብሩ ልመለስ። በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን «የዓለም የመጀመሪያው ኢነርጂ ባር የኛ ነው» እያልኩ ስናገር ዓመታት አልፈዋል። ምንጬ ድሮ የሆነ ቦታ ያነበብኩት ነው፤ አንድ ፈረንጅ፣ የኛ ዘማቾች ቡና በቅቤ አድቦልቡለው ሲሰንቁ አይቶ ጽፏል የሚል። ገንዘብ ሲወጣበት ጊዜ ማጣራት አማረኝ።

ፈረንጁ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ገብቶ ጎንደርና ጣና ዙሪያ ከከረመ በኋላ ጉዞውን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። እንደጻፈው ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በቅቤ ይለወሳል፤ ከዚያ ድቡልቡል እየተደረገ በቆዳ ከረጢት ይያዛል። የቢሊያርድ ኳስ የምታህል አንዲት ድቡልቡል ሰውን ቀኑን ሙሉ ታቆማለች፣ ከዳቦም ከሥጋም ትበልጣለች ብለውታል ዘማቾቹ። እስከዚህ ትዝታዬ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዘማቾቹ ኦሮሞዎች ናቸው። እኔ ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር የጎጃም ሰዎች አደርጋቸው ነበር፤ አያቴ የጎጃም ሰው ስለነበሩ ሳይሆን አይቀርም። በቦረናና በጉጂ ዛሬም ቡና ቀላ የሚባለውን፣ ፍሬው ከነገለባው በቅቤ የሚጠበሰውን ቡና የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቢስቅብኝ አይፈረድበትም።

የፋብሪካው ባርስ? በ1986 እ.ኤ.አ. ብራያን ማክስዌል የሚባል ካናዳዊ ማራቶን ሯጭ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓወርባርን መሠረተ፤ በ2000 ኔስሌ ድርጅቱን በ375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። አርሲ ውስጥ በሶ በቅቤ እየለወሱ ጭኮ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናቶች ከዚህ ላይ ስንት እንደደረሳቸው ማስላቱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሳወራለት ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፤ ስለዚህ ሁሉን ያውቃል።

«ጋሼ፣ ተሳስተሃል። የመጀመሪያው የሜክሲኮ ነው።»

«የሜክሲኮ? ከየትኛው ሱቅ?»

«ኧረ ከአገሩ!»

ከአገሩ ነው እንግዲህ። ቺዋዋ በሚባለው የሰሜን ሜክሲኮ ግዛት፣ ገደላማ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ራራሙሪ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ስመ ጥር ሯጮች ናቸው። በ1928 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሁለት ልጆቻቸው ማራቶን ሮጠው፣ ርቀቱ አነሰብን ብለው አጉረመረሙ ይባላል። መንገድ ሲወጡ የሚይዙት ፒኖሌ ነው። ፒኖሌ ምን መሰላችሁ? በቆሎ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። በሶ ነው! እህሉ ተቀየረ እንጂ በሶ ነው።

አልተዋጠልኝም። አንደኛ፣ የኛው ሜክሲኮ በወዳጅነት የተሰየመ አደባባይ ነው፤ ወዳጅ ደግሞ በስንቅ አይቀድምም። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ጃንሆይ በሰኔ 1946 ሄደው ጎብኝተዋታል። ሜክሲኮ ሲቲም በፋንታዋ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አላት፤ በ1972 ዓ.ም. የተከፈተ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም አላት፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮዎች በዚህም ሳያበቁ በ2002 ዓ.ም. ግዙፍ የኦልሜክ የድንጋይ ራስ ቅጂ አስመጥተው አዲስ አበባ ላይ አቁመዋል። ራስ ብቻ ነው፤ ሆድ የለውም። ከሁላችንም ይልቅ ለመንገደኝነት የተመቸ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሜክሲኮ ጋር የስንቅ ፉክክር ከተነሳ ጥቅምት 10 ቀን 1961 አለ፤ የሜክሲኮ ሲቲው ኦሎምፒክ ማራቶን። አበበ ቢቂላ ለሦስተኛ ድሉ ወጥቶ እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን አስቀረ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ቆላ የለመደው ሁሉ ሲያለከልክ ለኛ ሠፈራችን ነበር።

እዚህ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ የተሸከምኩት ጥያቄ ብቅ አለ። ፊደል ስንቆጥር በሶ የበላው አበበ የትኛው አበበ ነው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቢቂላ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሮጣል?» ይላል። ማስረጃው ሩጫው ብቻ ነው፤ አረፍተ ነገሩ ውስጥ ደግሞ ማንም አይሮጥም፣ ይበላል እንጂ። እኔ ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን ቆጠርኩ። በስሙ ውስጥ ሁለት በ አለ፤ በሶው አንድ፣ መብላቱ አንድ፤ ሲደመር አራት። ጩቤ የጨበጠው ጫላም እንደዚሁ የጨ ቤተሰብ ነው። ነገሩ የፊደል ልምምድ ነው ብዬ ደመደምኩ። አበበ በሶ የደረሰው ለበ ብሎ ነው፤ ስሙ ዳዊት ቢሆን ኖሮ ዳቦ በልቶ ይውል ነበር። ባልደረባዬ አልተቀበለኝም። ሦስት ቀን ሆነን፣ ቡና አብረን አልጠጣንም።

የእህቴን ልጅ ግን በሌላ ያዝኩት። በቆሎ የተላመደው እዚያው ሜክሲኮ ነው፣ የዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ። ወደኛ የመጣው ባሕር ተሻግሮ ነው፤ አሮጌው ስሙ «የባሕር ማሽላ» የሆነውም ለዚያ ነው። ክረምት ክረምት እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ፣ ስታስቡት፣ አገሩ ገብቷል። ገብስ ግን በዕድሜ ከበቆሎ አያንስም፣ ምናልባትም ይበልጣል። ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. መጥቶ የገብሳችንን ዓይነት ብዛት ሲያይ ተደንቆ ነው የሄደው። «ስለዚህ በሶ ይቀድማል» አልኩት።

«ቲቤቶችስ?» አለኝ።

ይኼ ልጅ ነው አብሮኝ አሥር ሰዓት መንገድ የሚሄደው። ቲቤቶች ፃምፓ አላቸው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ በሻይና በቅቤ እየለወሱ በእጅ የሚበሉት። የካናሪ ደሴቶች ሰዎችም ጎፊዮ የሚሉት አላቸው። ከማን ተማሩት ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ስንገላታ አደርኩ። ሲነጋ የገባኝ የዘር ሐረግ ፍለጋው ከንቱ መሆኑ ነው፤ ጉዳዩ የማገዶ ነው። እህል አስቀድሞ ቤት ከተቆላ ስታርቹ በከፊል ይበስላል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ዱቄቱን ቶሎ የሚያሻግተው ነገርም በእሳቱ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ድስትም፣ እሳትም፣ ጭስም አያሻም፤ ውሃና መዳፍ ይበቃል። ተራራ ያለበት፣ እንጨት የራቀበት፣ መንገድ የበዛበት ሰው ሁሉ በራሱ ይደርስበታል።

ጭስ አለማሻቱ ደግሞ ለዘማች ቀላል ነገር አይደለም። ዓድዋን እናውራ ከተባለ ሁሉም መድፉንና ጎራዴውን ያነሳል፤ እኔ ስንቁን አነሳለሁ። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከየአገሩ ወራት ተጉዞ እዚያ የደረሰው በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን በአህያ፣ በበቅሎና በሴቶች ጀርባ ጭኖ ነው። የኢጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም ይህን ያውቃል። ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ አልቆ እስኪበተን ነው። እውነትም ማለቅ ጀምሮ ነበር። ችግሩ የራሱም እያለቀ መምጣቱ ነው። ከሮም ይወተውቱታል፣ ጄኔራሎቹ እንዋጋ ይሉታል፣ ጎተራው ባዶ ሊሆን የቀናት ጉዳይ ነው፤ ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ታውቁታላችሁ። የጦርነቱን ቀን የቆረጠው፣ እንደኔ አስተያየት፣ የማን ስልቻ ቀድሞ ይጎድላል የሚለው ነው።

ጤናውን በተመለከተ ብዙ አልደክምም። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ቃጫ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 እ.ኤ.አ. በቀን 3 ግራም የሚሆን ከተበላ የልብ በሽታ ስጋትን ለመቀነስ ይረዳል ተብሎ እሽግ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ጭኮ ሲሆን ግን ያው ቅቤው መጥቶ ያንን ያፈርሰዋል። ይህን ለሐኪሜ አልነገርኩም።

ዓርብ ማታ ቅቤውን አቀለጥኩ። ኮረሪማው ቤቱን ሲሞላው በሶውን ሳህን ላይ አድርጌ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። መጀመሪያ ዱቄቱ ቅቤውን ይውጠዋል፤ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ትጨምራለህ፣ ይውጣል። «አበላሸሁት» ስትል በድንገት ከዳር ከዳር ይሰበሰብና ቀለሙ ይጠይማል። ያን ጊዜ ዘግነህ ጭብጥ ታደርገዋለህ። መዳፍህን ስትከፍት የአራት ጣትህ ቦይ ላዩ ላይ ታትሟል። ጭብጦ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከጨበጠ። የጽሑፍ ጭብጥም ከዚያው ግሥ ነው የወጣው። አዘጋጄ «የዚህ ወግህ ጭብጥ ምንድን ነው?» ባለኝ ቁጥር አንድ ጭብጦ በፖስታ ልልክለት ይቃጣኛል።

ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ሲመላለስም የምልክለት ጭኮ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚበሩ አውሮፕላኖች ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዝክ ለብቻህ ልትፈተሽ ትችላለህ። ለአንድ ሰልቺ ፈታሽ በሶን በእንግሊዝኛ ከማስረዳት ይሰውራችሁ። ጭኮ ግን ጠጣር ነው፤ ሳሙና መስሎ ያልፋል።

እህቴ ደወለች።

«ምን ምን ያዝክ?»

«ጭኮ፣ በሶ በማር፣ ቆሎ በሱፍ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ቋንጣ…»

«ልጆቹ እሱን አይበሉም። ቺፕስ ጨምር።»

ጃኬቴን ደርቤ ወደ ሜክሲኮ ወረድኩ። ባለሱቁ ልጅ ገና በሩ ላይ አወቀኝ።

«ፋዘር፣ ስፖርቱ እንዴት ነው?»

ቺፕሱን ተቀብዬ፣ አልቻልኩም፣ የዚያችን ወረቀት ለባሽ ዋጋ ጠየቅሁት።

«310።»

«በአራት ቀን?»

«ዶላር ነዋ፣ ፋዘር። ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«በሶውስ?»

ወደታች ወደ ሳሙናው ጎንበስ ብሎ አየና ትንሽ አሰበ።

«እሱም ጨምሯል።»