የአባ ኮዳ ላባ

በአሜሪካ የዓሣ ማጥመጃ ሱቆች ውስጥ «ማራቡ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ትንሽ ከረጢት ይሸጣል። በውስጡ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ፣ ትንፋሽ ሲነካው የሚርገበገብ ላባ አለ። ሐዋሳ ያደገና የዓሣ ገበያውን ደጅ የረገጠ ሰው ይህን ስም ሲያነብ ባለቤቱን ሳያስታውስ ማለፍ አይችልም፤ ማራቡ የእኛው አባ ኮዳ ነውና። ያ ራሰ በራ፣ ያ ከአንገቱ ሥር ኮዳ ያንጠለጠለ፣ አሥጋሪዎች የሚጥሉለትን አንጀት እየጠበቀ እንደ ባለጉዳይ ቆሞ የሚውል ወፍ! ከዚያ ሁሉ መልከ ጥፉነት ሥር የሚበቅለው ለስላሳ ላባ በአንድ ወቅት የአውሮፓ ወይዛዝርት ባርኔጣ ጌጥ ነበር። ዛሬ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን ተርኪ የሚባለው ወፍ ላባ ነው፤ ከአባ ኮዳ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ላባ ናሽቪል ተቀምጬ መንጠቆ አለብሳለሁ። የምሻው ዓሣ ክራፒ ይባላል፤ ክሮፒ የሚሉትም አሉ። የሉዊዚያና ሰዎች ደግሞ በፈረንሳይኛቸው «የወተት ከረጢት» ይሉታል። ጎኑ የብር ዝርግ የመሰለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ነው። ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ በቀለም ለመለየት የሚሞክር ግን ይሳሳታል። የጀርባውን እሾህ መቁጠር ነው፦ አምስት ወይም ስድስት ከሆነ ነጩ፣ ሰባት ወይም ስምንት ከሆነ ጥቁሩ ነው። የአፉ ቆዳ እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ በኃይል የጎተተው ሰው መንጠቆውን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ የቴኔሲ ሰው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውምና ፊት ለፊት እንደ ማንም እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሼ ናቸው። ጂግ ማለት ራሱ በእርሳስ የከበደ መንጠቆ ነው። እርሳሱን እርሳቸው ነበሩ ከጋራዡ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ የሚያቀልጡት። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ጢሱም ትነቱም መርዝ ነው፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ከገባችበት ፈንድቶ ፊት ያቃጥላል። ፎርማው ውስጥ ሲፈስ የሚወጣው ራስ 1/16 አውንስ፣ ማለትም ሁለት ግራም እንኳ የማይሞላ ነው። (እንደ ኒው ሃምፕሻየር ያሉ ክፍላተ ሀገር ትናንሽ የእርሳስ ጂጎች የውኃ ወፎችን ስለሚመርዙ ከልክለዋቸዋል። ልክ ናቸው እላለሁ፤ ጎረቤቴ ግን አይስማሙም።)

ከዚያ በኋላ ያለው የጣት ሥራ ነው። መንጠቆው ትንሽ ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ክሩ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ላባው እንደ ጅራት ይታሰራል፤ በላዩ ፀጉራም ክር እንደ ሰውነት ይዞራል፤ መጨረሻው ይቋጠርና የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ለመናገር ቀላል ነው። ላባ ግን ደረቅ ሳለ ይዋሻል፤ ድንብልብል ብሎ ትልቅ ይመስላል፤ እውነተኛ መልኩን ለማየት በምራቅ ማርጠብ ያስፈልጋል። ጅራቱ ከረዘመ ክራፒው ጫፉን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ጎረቤቴ የረዘመውን በመቀስ አይቆርጡም ነበር፤ በጣታቸው ይቆነጥሩታል። በመቀስ የተቆረጠ ላባ ውኃ ውስጥ እንደ መጥረጊያ ይቆማል ይላሉ፤ አስተያይቼው እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በጸደይ የምንሄደው ወደ ሪልፉት ሐይቅ ነው፤ ከናሽቪል ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ሐይቁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1811 መጨረሻና በ1812 መጀመሪያ አካባቢውን ባናወጠው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ምድሩ ሰመጠ፤ ጫካው እንደቆመ ውኃ ዋጠው። ጉቶዎቹ እስከ ዛሬ ከውኃው በታች አሉ። ውኃው 16 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ክራፒው ሊራባ ወደ ዳርቻው ይወጣና በእነዚያ ጉቶዎችና በሳይፕረስ ዛፎች ሥር ይጠጋል። መንጠቆው ከቀጭን ሽቦ የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ ጉቶ ሲይዘው ተቃንቶ ይለቃል። ክራፒ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይመገብም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጂጉ ከዓሣው በላይ፣ ጋደም ብሎ መንጠልጠል አለበት። ከዚያ ዝም ማለት ነው። ላባው በራሱ ይተነፍሳል።

ይህ ሁሉ ከሁዳዴ ጋር መግጠሙ የእኔ ፈንታ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ እኔ እናቴ እንዳሳደገችኝ አልበላም። ዓመቱን ሙሉ ያሰርኩበት መንጠቆ የሚይዘውን ጎረቤቴ በበቆሎ ዱቄት ጠብሰው ሲበሉ ሽታውን እሸታለሁ። «አምላክህ ቀልደኛ ነው» ይሉኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ቀጥሎ ቋጠሮው። ሞርሳውን ገፋ አድርገው ወደ እኔ አዞሩት፤ ስለ ነገሩ ያሉት ሌላ ቃል የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ አስራለሁ፤ እርሳቸው ቀለም ይመርጣሉ። ለደፈረሰ ውኃ ጥቁርና ሎሚማ አረንጓዴ፣ ለጠራው ነጭ።

ከማሰሩ ይልቅ የከበዳቸው ግን ማጥመዱ ነበር። ክራፒ አይመነትፍም፤ ከታች ወጥቶ ጂጉን ሲጎርስ ክሩ ትንሽ ይላላል እንጂ አይጎተትም። ያንን መላላት ለመስማት የረጋ እጅ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ «የልጆች ነገር» እያሉ የናቁትን ተንሳፋፊ ኳስ ባለፈው ዓመት በክራቸው ላይ አሰርኩላቸው፤ ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዙረው አሳሰሩኝ። ላጽናናቸው ብዬ፣ የእጅዎ መንቀጥቀጥ ላባውን በደንብ ያወዛውዘዋል አልኳቸው።

«ውሸት ነው» አሉኝ፤ «ክራፒ የሚወደው የቆመውን ነው። አንተም ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ያን ቀን አሥራ አንድ ያዙ፤ ዘጠኙ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ። እሾሁን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

በመስከረም ልጃቸው መጥታ ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው። ቤቱ ተሸጠ። ሞርሳውና ፎርማው እኔ ዘንድ ናቸው፤ ስጦታ ነው ወይስ አደራ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሚኖሩበት አካባቢ አግዳሚ ወንበር ያለው ኩሬ እንዳለ ስለሰማሁ፣ በጥር አሥራ ሁለት ጂግ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ጨምሬ በፖስታ ላክሁላቸው። በሳምንቱ ስልክ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«የሁለቱ ጅራት ረዝሟል» አሉኝ። «ደግሞ አንዱን በመቀስ ቆርጠኸዋል።»

አልቆረጥሁም ብዬ ተከራከርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከርን።